ሰው የማይወርድባቸው ደሴቶችና የእኛ ቦዬ፦ ክሩ ከላይ እስከ ታች

በውይይት መድረካችን ላይ ይህን ክር (የጽሑፍ ውይይት) የከፈተችው ባዮሎጂ ያጠናች የጅማ ልጅ ናት። ከሳን ፍራንሲስኮ በስተምዕራብ፣ ወደ 45 ኪሎ ሜትር ባሕሩ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ፋራሎን የሚባሉ ድንጋያማ ደሴቶች አሉ። ሁሉም ቢደመሩ 85 ሄክታር ገደማ ቢሆኑ ነው። ነፋስ የሚገርፋቸው ባዶ ቋጥኞች ናቸው። እዚያ ላይ ግን ከ3 መቶ ሺህ በላይ የባሕር ወፍ ይራባል። ተራ ሰው መውረድ አይፈቀድለትም። በጀልባ ዙሪያውን ዞሮ አይቶ ይመለሳል።

ልጅቷ ይህን ጽፋ ጥያቄዋን አስከተለች። ጎብኚ የማይወርድበት፣ ቲኬት የማይቆረጥበት ቦታ ለማን ይጠቅማል? መልሷንም አብራ ጻፈች። ለወፎቹ ይጠቅማል፣ ይህም ይበቃል የሚል ነው። ጅማ አጠገብ ያለውን ረግረጋችንን፣ ቦዬንም፣ እንደዚያው አጥረን ብንዘጋው ይሻላል ብላ ደመደመች። ክሩን ያጋለው ይሄ የመጨረሻው ነገር ነው።

መልሱ ከ30 ስላለፈና ብዙ ሰው መሃል ላይ ገብቶ ስለምንድን ነው የምታወሩት እያለ ስለሚጠይቅ፣ አካሄዱን በቅደም ተከተል ላስቀምጥላችሁ። የራሴንም ሐሳብ እጨምርበታለሁ፤ በዚህ ጉዳይ ዝም ማለት አልችልም። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ቁጥር 1 የአጋሮ ቡና ነጋዴ ነው። በጨዋ ደንብ እህቱን አመስግኖ፣ ባዶ ድንጋይ ያን ሁሉ ወፍ ምን እንደሚያበላው ጠየቀ። ጥሩ ጥያቄ ነበር። ቁጥር 2 ላይ መልስ የሰጡት በጡረታ ላይ ያሉ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። ብዙዎቻችን አስተምረውናልና ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው። ወፎቹን የሚመግባቸው ድንጋዩ ሳይሆን ባሕሩ መሆኑን አስረዱ። ደሴቶቹ ያሉት ጥልቀት የሌለው ባሕር አልቆ ጥልቁ በሚጀምርበት ጠርዝ አጠገብ ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ከሰሜን ምዕራብ ኃይለኛ ነፋስ ይነሣል። ነፋሱ የላይኛውን ውሃ ከባሕር ዳርቻው ያርቀዋል። በቦታው ከታች ቀዝቃዛ ውሃ ይወጣል። ያ ውሃ በማዕድን የበለጸገ ነው። ብርሃን ሲያገኝ በዓይን የማይታዩ እፅዋት ይፈሉበታል። እነሱን ክሪል የሚባሉ ደቃቃ ፍጥረታት ይበሏቸዋል። ክሪሉን ትናንሽ ዓሣ፣ ዓሣውን ወፍ ይበላዋል። ነፋሱ በዘገየበት ዓመት ጫጩት በረሃብ ያልቃል። ጋሼ ድሮም እንዲህ ነው የሚያስረዱት፣ አንዱን ነገር ከሌላው ጋር እያያያዙ።

ቁጥር 3 ግን ወዲያው ነገሩን ወደ ጠብ ወሰደው። ሰውን ከተፈጥሮ ማባረር የሀብታም አገር ቅንጦት ነው ባይ ነው። እነሱ ሁሉን በልተው ከጨረሱ በኋላ ነው አጥር ትዝ ያላቸው፣ እኛ ለምን እንከተላቸዋለን የሚል ሙግት አነሣ። አነጋገሩ ሻካራ ነበር። ግማሹ ግን እውነት አለው። ክሩን የከፈተችውም ይህን አልካደችም። በቁጥር 4 የበሉትን ታሪክ ራሷ ዘረገፈችው። ከክሩ ሁሉ ብዙ ሰው ያነበበው ይሄን መልስ ይመስለኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1849 ወርቅ ፍለጋ ሕዝብ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ጎረፈ። ከተማዋ በአንድ ጊዜ አበጠች። ዶሮ አልነበረም ማለት ይቻላል፣ እንቁላል ደግሞ የወርቅ ያህል ተወደደ። ሮቢንሰን የሚባል መድኃኒት ሻጭ ከአማቹ ጋር በጀልባ ወደ ደሴቶቹ ሄዶ የወፍ እንቁላል ጭኖ መጣ። ግማሹ በማዕበል ተሰብሮበት እንኳ ቀሪውን በ3 ሺህ ዶላር ሸጠው። ከዚያ በኋላ ማን ያቆመው? ኩባንያ ተቋቋመ። በአንድ ወቅት ብቻ ከግማሽ ሚሊዮን ያላነሰ እንቁላል ይለቀም ነበር።

ያ እንቁላል ሙር የሚባለው ወፍ እንቁላል ነው። ጀርባው ጥቁር፣ ደረቱ ነጭ፣ ሲቆም ፔንግዊን የሚመስል፣ ግን የሚበር ወፍ። ጎጆ አይሠራም። በዓመት አንድ እንቁላል ባዶ ቋጥኝ ላይ ይጥላል። ከተወሰደበት ሌላ ሊጥል ይችላል። ለቃሚዎቹም ይህን ያውቁ ነበር። ወቅቱ ሲከፈት መጀመሪያ የሚያደርጉት ነገር ያገኙትን እንቁላል ሁሉ መሰባበር ነበር። በማግስቱ የሚያገኙት ትኩስ እንዲሆን ነው። ከዚያ ሰፊ ኪስ የተሰፋበት ሸሚዝ ለብሰው፣ በኪሱ እንቁላል እያጨቁ ገደል ለገደል ይሄዳሉ። ወፎቹ በድንጋጤ ሲነሡ ሲጋል የሚባለው ነጭ የባሕር ወፍ ይገባና የተረፈውን ይጠርጋል። በሰኔ 1863 በዚሁ እንቁላል ምክንያት ሁለት ቡድኖች ደሴቱ ላይ ተታኩሰው 2 ሰው ሞተ። መንግሥት ኩባንያውን ያባረረው በ1881 ነው። ከዚያም በኋላ ለቀማው ወዲያው አልቆመም። በመቶ ሺዎች ይቆጠር የነበረው ሙር በ1959 ወደ 6 ሺህ ወርዶ ነበር።

ይህን ሳነብ ሆዴ ተላወሰ። ረሃብ ሆኖባቸው በሉ ቢባል ይገባኛል። ዛሬ ሰብሮ ነገ መልቀም ግን ሌላ ነገር ነው።

ከዚህ በኋላ ክሩ ትንሽ ባዘነ። ቁጥር 5 ሕርማታ ገበያ የምትሸጥ እናት ናቸው። የእንቁላል ዋጋ ለፋሲካ ሰሞን እንዴት እንደሚንር ጻፉ። ቁጥር 6 የፈረንጅ ዶሮና የአበሻ ዶሮ እንቁላል አንድ አይደለም አለ። ቁጥር 7 ስለ አስኳል ቀለም ገባ። በቁጥር 8 ልጅቷ በትሕትና እማማ ይቅርታ ያድርጉልኝ ብላ ወደ ነገሩ መለሰችን።

ቁጥር 9 ከጌራ የጻፈ ንብ አርቢ ነው። ብዙ አልተናገረም። ጫካ ውስጥ ከሰቀለው ቀፎ ማር ሲቆርጥ ለንቡ የሚሆነውን ይተዋል፤ ካልተወለት ንቡ ጥሎት ይሄዳል። እነዚያ ሰዎች ይህን የሚነግራቸው አባት አልነበራቸውም ወይ ብሎ ጠየቀ። ቁጥር 10 መለሰለት። ቀፎው ያንተ ነው፣ ዓመት ተመልሰህ ትመጣለህ። እነሱ ግን ዛሬ ካልለቀሙት ሌላው ሊለቅመው ነው። የማንም ያልሆነ ነገር ላይ መተው የሚባል ነገር የለም ሲል አብራራ። ሁለቱም ልክ ናቸው ብዬ አምናለሁ። የጌራው ሰው የያዘው ዕውቀት ባለቤትነት ባለበት ነው የሚሠራው።

ቁጥር 11 ላይ ጋሼ እርማት ይዘው መጡ። ልጅቷ ደሴቶቹ በ1909 ተዘግተው ወፉ ዳነ ብላ ነበር። ጋሼ አልሆነም አሏት። በ1909 ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የዱር እንስሳት መጠለያ ያደረጉት በሰሜን በኩል ያሉትን ትናንሾቹን ብቻ ነው። ትልቁ ደሴት፣ አብዛኛው ወፍ ያለበት፣ ከመጠለያው ጋር የተቀላቀለው በ1969 ነው። ከ1855 ጀምሮ የመብራት ማማ ነበረበት። የማማው ጠባቂዎች ከነቤተሰባቸው ኖረውበታል። ድመት ነበራቸው፣ ጥንቸልም ተለቆ ነበር።

ቁጥር 12 በዚህ ተናደደ። ጋሼ በቁጥር ይጨቃጨቃሉ፣ 1909 ሆነ 1969 ምን ልዩነት አለው፣ ዋናው መዘጋቱ ነው ባይ ነው። አንተ ብሎ አላላቸውም እንጂ ድምፁ እንደዚያ ነበር። በቁጥር 13 አንዲት ልጅ አረፍ በል አለችው። ለታላቅ ሰው እንዲህ አይጻፍም።

እኔ ግን እዚህ ቦታ ላይ ነው የነቃሁት። ቁጥር 14 የእኔ ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ወረቀት ላይ መጠለያ ከተባለ በኋላም ከ1909 እስከ 1959 ድረስ ሙር አላንሰራራም። በዙሪያው የሚያልፉት መርከቦች ዘይት ይደፉ ነበር። አንድ ቦታ ላይ አትግቡ የሚል ሰሌዳ መትከል ወፉን ከዘይት አያድነውም። ለእኔ ትልቁ ዓመት 1968 ነው። በዚያ ዓመት የወፍ ተመራማሪዎች ደሴቱ ላይ ገቡ። ያኔ የፖይንት ሬይስ የወፍ ጥናት ጣቢያ ይባሉ ነበር፣ ዛሬ ፖይንት ብሉ ይባላሉ። ከዚያ ወዲህ ለአሥርተ ዓመታት፣ ክረምት ከበጋ፣ በየቀኑ ቆጥረዋል። ጥቂት ሰዎች ናቸው። ወደብ ስለሌለ ጀልባቸው በክሬን ተስቦ ነው ቋጥኙ ላይ የሚወጣው።

መቁጠር ምን አመጣ ላለኝ ሰው በዚያው መልስ አንድ ታሪክ ጻፍኩ። ሙሩ በ1970ዎቹ አገግሞ እንደገና ብዙ ሆነ። በ1980ዎቹ መልሶ ተንኮታኮተ። ደሴቱ ተዘግቷል፣ እንቁላል የሚለቅም የለም። ታዲያ ምን ነካው? በየዓመቱ የተጻፈ ቁጥር ባይኖር ማንም መውረዱን አያውቅም ነበር። ሲታይ ምክንያቱ ዓሣ አጥማጆች እንደ ግድግዳ የሚዘረጉት መረብ ነው። ዓሣ ለማግኘት የጠለቀ ሙር መረቡ ላይ ተጠምዶ ይሰጥማል። የኤልኒኞ ሙቀትና የዘይት መፍሰስም ተጨመረበት። ቁጥሩ ማስረጃ ሆኖ መረቡ ላይ ገደብ ተጣለ። ሙሩም ተመለሰ። ደሴቱ ላይ ተቀምጠው የቆጠሩ ሰዎች ከደሴቱ ውጭ ያለውን ሕግ አስለወጡ ማለት ነው። በዚህ ክር ላይ የምለው ነገር ይሄው ነው። አጥር ብቻውን ግማሽ ሥራ ነው። ሌላው ግማሽ የሚቀመጥ ሰው ነው።

ቁጥር 15 የሚያምር ነገር ጨመረ። በ1986 አፔክስ ሂዩስተን የሚባል ጀልባ ዘይት አፈሰሰ። ከዚያው የባሕር ዳርቻ ሳይርቅ፣ ዴቪልስ ስላይድ የሚባል ቋጥኝ ላይ የነበረው ሙር ሁሉ ጠፋ። ከካሳው ገንዘብ በ1996 ሰዎች ሙር የሚመስሉ ቅርጾች ሠርተው ቋጥኙ ላይ ተከሉ። መስታወት አቆሙ። የሙር ድምፅ ቀድተው በድምፅ ማጉያ አሰሙ። ሙር ብቻውን መቀመጥ የማይወድ ወፍ ነው፤ ሰፈር ያለ መስሎት በዚያው ዓመት ወርዶ መራባት ጀመረ። ይህንን ያነበበ ሁሉ የደስታ ምልክት ለጠፈበት። እኔም ለጥፌያለሁ።

ቁጥር 16 የእንስሳት ሐኪም ነው፣ ባሕር ውስጥም ቋጥኝ ላይም ስለሚኖሩት አጥቢዎች፣ ስለ አቆስጣዎቹ ጻፈ። በ1800ዎቹ መጀመሪያ ከቦስተን የመጡና ሩሲያውያን አዳኞች ጠጉራሙን አቆስጣ ለቆዳው ሲሉ ከደሴቶቹ ላይ ጨርሰውት ነበር። እንደገና ግልገል የተወለደው በ1996 ነው። የባሕር ዝሆን የሚባለው ግዙፉ ዝርያም ለስቡ ታድኖ ከምድር ሊጠፋ ምንም አልቀረውም ነበር። እዚያ መራባት የጀመረው በ1972 ነው። አቆስጣ ሲበዛ ከመስከረም እስከ ኅዳር ነጭ ሻርክ ይመጣል። በጥቅምት 1997 በአንዲት ጎብኚ የጫነች ጀልባ ፊት ኦርካ የምትባለው ግዙፍ የባሕር አዳኝ ነጭ ሻርክ ገደለች። ከዚያ በኋላ ሻርኮቹ አካባቢውን ለቀው ጠፉ። ከዚህ በታች ያሉት ሁለት መልሶች ኦርካ ይበልጣል ወይስ ሻርክ የሚል ክርክር ስለሆኑ እዘላቸዋለሁ።

አሁን ወደ ከባዱ ልግባ። ቁጥር 19 አይጥ አነሣ።

አይጦቹ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከመርከብ የወረዱ ናቸው፤ እኛም ቤት ያለው ዓይነት። ድመቱና ጥንቸሉ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከደሴቱ ሲወገዱ አይጡ ግን ቀረ። በመስከረምና በጥቅምት ገደማ በሄክታር ከ1 ሺህ በላይ ይሆናል። መሬቱ ይንቀሳቀሳል ቢባል ማጋነን አይደለም። ያኔ ከዋናው ምድር የሚጓዙ ጉጉቶች ለማረፍ ይወርዳሉ። ሌላ ጊዜ አርፈው የሚሄዱ ናቸው። ያን ሁሉ አይጥ ሲያዩ ይቀራሉ። ብርድና ዝናብ ሲመጣ አይጡ ያልቃል። የራበው ጉጉት ፊቱን ወደ ወፍ ያዞራል። የሚበላው ደግሞ አመድማ ስቶርም ፔትሬል የሚባለውን፣ በሌሊት የሚወጣ፣ በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ የሚፈለፈል ትንሽ ወፍ ነው። በዓለም ላይ ካለው ዝርያ ግማሽ ያህሉ የሚራባው እነዚሁ ደሴቶች ላይ ነው። በዓመት አንድ እንቁላል ብቻ ስለሚጥል የአንዱ ሞት ቶሎ አይተካም።

የአሜሪካ የዓሣና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት መፍትሔ ያለው ከሄሊኮፕተር መርዝ መበተን ነው። ብሮዲፋኩም ይባላል፣ ደም እንዳይረጋ አድርጎ የሚገድል ነው። የካሊፎርኒያ የባሕር ዳርቻ ኮሚሽን በታኅሣሥ 2021 በ5 ለ 3 ድምፅ ተቀበለው።

ክሩ እዚህ ላይ ለሁለት ተሰነጠቀ። ቁጥር 20 የሰርቦ ገበሬ ነው። ጎተራው ውስጥ አይጥ ሲገባ ጉባኤ እንደማይጠራ፣ አይጥ እንደሚገደል፣ ይህ ሁሉ ወሬ ምን እንደሆነ እንደማይገባው ጻፈ። ቁጥር 21 ከከተማ ናት፤ መርዝ የበላ አይጥ በልቶ የሞተ ጭልፊት ግቢዋ ውስጥ ማግኘቷን ተናገረች። መርዙ በአይጡ ላይ አይቆምም። ሲጋሉ የሞተ አይጥ በልቶ ሳን ፍራንሲስኮ ሄዶ ቢሞትስ የሚለው የተቃዋሚዎቹም ስጋት ይሄው ነው። ቁጥር 22 ለዚያ መልስ ሰጠ። ሲጋሎቹን በድምፅና በጨረር እያባረሩ፣ አብዛኞቹ ወፎች በሌሉበት ወቅት ለመበተን ነው ያሰቡት። በ2001 እና በ2002 በዚያው በካሊፎርኒያ አናካፓ ደሴት ላይ አይጠ መጎጥ በዚሁ መንገድ ጠፍቶ፣ ወፎቹ አንሰራርተዋል።

ቁጥር 23 ግን ስድብ ነበር። ልጅቷን አገሩ በችግር እየታመሰ አንቺ ለአሜሪካ አይጥ ታለቅሻለሽ የሚል። ከዚያም የከፋ ነገር ነበረው፣ አልደግመውም። አወያዩ በቁጥር 24 አስጠንቅቆ አወረደለት። ልጅቷም በቁጥር 25 መለሰች። አልተሳደበችም። ሰው ሁሉ ስለ ሌላ አገር ኳስ ቀኑን ሙሉ ሲያወራ ማንም አገር ከዳህ አይለውም፤ እኔ ስለ ወፍ ማወቅ ፈለግሁ፣ ያወቅሁትን ለቦዬ እፈልገዋለሁ የሚል ነበር ሐሳቧ። በሚገባ ነው የመለሰችው።

በአይጡ ጉዳይ የእኔን አቋም የጠየቃችሁ ነበራችሁ። እኔ ከመበተኑ ጎን ነኝ። መርዝ ወድጄ አይደለም። አይጡን ያመጣው ሰው ነው፣ የሚያወጣውም ሰው ነው። ባለበት እንተወው ማለት ፔትሬሉ ቀስ እያለ ይለቅ ብሎ መፍረድ ነው። ግን አንዴ ተበትኖ አንዲት እርጉዝ አይጥ ከተረፈች ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው። ስለዚህ የሚበተነው እያንዳንዱን ስንጥቅ በሚያውቁ ሰዎች መሪነት መሆን አለበት። የቁጥር 21ን እህቴንም ስጋቷን አልንቅም። ገበያ ላይ ያለ ምልክት በፕላስቲክ ተቋጥሮ የሚሸጠው የአይጥ መርዝ ቢቆም እኔም ደስ ይለኛል።

ቁጥር 26 ከ1946 እስከ 1970 በደሴቶቹ አቅራቢያ ከ47 ሺህ በላይ በርሜል የጨረራ ቆሻሻ ባሕር ውስጥ መጣሉን አስታወሰ። ጋሼ በቁጥር 27 እውነት ነው አሉና በአንድ ዓረፍተ ነገር አለፉት። ከዚያም ሁሉም ዝም አለ። ራሱን የቻለ ክር ይፈልጋል።

ቁጥር 28 ቦዬ አጠገብ ጡብ የሚሠራ ሰው ነው። ከላይ ጀምሮ ማንበቡን ጽፏል። ቁጣው የተያዘ ቁጣ ነበር። ፋራሎን ላይ የሚያርስ የለም፣ ከብት የሚያሰማራ የለም፣ ጭቃ አቡክቶ ልጆቹን የሚያሳድግ የለም። ቦዬ ላይ አለ። አጥር ስትሉ እኔን ከየት ልታወጡኝ ነው? ወፉንና ጉማሬውን የማየው እኔ ነኝ፣ እናንተ ቅዳሜ መጥታችሁ ፎቶ አንሥታችሁ ትሄዳላችሁ። ነገሩ ይህ ነበር። ቁጥር 3 ላይ የነበረው ሰው ወዲያው ገብቶ ደገፈው፤ ጡብ ሠሪው ግን አልተቀበለውም። ጉድጓዱ እየሰፋ፣ ባሕር ዛፉ እየገባ፣ ራሳቸው ላይ ወርቃማ ዘውድ ያላቸው ረጃጅሞቹ ወፎች እየራቁ መሆናቸውን እሱም አይቷል። ዝም ብሎ ይቀጥል አላለም።

በቁጥር 30 ልጅቷ አጥር የሚለውን ሐሳቧን ሳትተው ጥያቄዋን አጠበበችው። ስንት ጉማሬ አለ? ስንት ባለ ዘውድ ወፍ? በየትኛው ወር? ማን ነው የሚያውቀው? ከዚህ በፊት ተመራማሪዎች መጥተው አጥንተዋል፣ ወረቀት ጽፈዋል። እሷ የምትለው ግን በየሳምንቱ፣ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት የሚቆጥር ሰው ነው። ጥቂት ተማሪዎች በቁጥር 31 እና 32 እኛ እንቆጥራለን፣ እሑድ ጠዋት ይመቸናል አሉ። እኔም የምንመዘግብበትን ቅጽ አዘጋጃለሁ ብያለሁ። ቀን፣ ሰዓት፣ የአየሩ ሁኔታ፣ የታየው እንስሳ፣ ምን እያደረገ እንደነበር፣ አጠገቡ ስንት ከብትና ስንት ሰው እንደነበረ። ያልታየም እንደሆነ ዜሮ ተብሎ ይጻፋል። ዜሮን መጻፍ የሚረሳ ብዙ ነው።

ጡብ ሠሪው በቁጥር 33 ተመለሰ። ሥራውን የሚያውቁት ሰዎች ከተፈለጉ ለሥራቸው ይከፈላቸው አለ። ተማሪው ዓመት ተመርቆ ይሄዳል፣ እሱ እዚያው ነው። ይህን የተቃወመ የለም፣ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ የተናገረም የለም። እኔ ፍትሐዊ ነው እላለሁ። ፋራሎን ላይ በበጎ ፈቃድ የሚሠራ ወጣት ብዙ ቢሆንም ማደሪያውና ምግቡ ይቻልለታል፣ ሥራውን ከዓመት ዓመት የሚያያይዘው ደግሞ ደሞዝተኛ ነው። ለማን ደብዳቤ እንደምንጽፍ የምታውቁ እዚሁ ክር ላይ ጻፉልን።

በመጨረሻ፣ በቁጥር 34፣ ጡብ ሠሪው የተማሪዎቹን ዕቅድ አረመላቸው። ጉማሬ ሌሊት ወጥቶ ሣር ይግጣል፣ ሳይነጋ ይመለሳል። ስለዚህ በቀን ውሃ ውስጥ ነው የሚቆጠረው። ውሃ ውስጥ ደግሞ አንዱ ሲጠልቅ ሌላው ብቅ ይላል። አንዴ አይቶ መጻፍ አይሆንም። ከአንድ ቦታ ሳይንቀሳቀሱ ደጋግሞ መቁጠር፣ ከዚያ ትልቁን ቁጥር መያዝ ነው። ግልገል ያላት ካለች ደግሞ ከዳር ፈቀቅ ብላችሁ ቁሙ፣ ወደ ውሃው የምትመለስበትን መንገድ አትዝጉባት ብሎ አስጠነቀቃቸው።